ስለ ዘጠኙ የፍሬም ማንጫ ዘዴዎች የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንፃችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለደረጃው መግቢያ ማስታወቂያ ሰሌዳ እና ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ

ጉዳዩ፦ አንዲት እናት ወደ አንዲት መስኮት ስለ መመለስ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ሳል በማያውቀው ደረትና ቆዳው ባልተላጠ እጅ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ፤ የመጀመሪያውን እናቴ፣ ሁለተኛውን እኔ ስላጣነው፣ ምኞቴ ለወጉ ያህል የተጻፈ እንዳይመስልዎ። ቤተሰብዎም፣ የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦችም፣ በጠረጴዛዎ ላይ መልስ ሳያገኙ የከረሙት አራቱ ማመልከቻዎቼም ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ በሦስተኛው ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለው ቤት የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። መልኬን ባያውቁትም የስፌት መኪናዬን ድምፅ ያውቁት ይሆናል፤ ባለፈው ዓመት ስለ እሱም ማስጠንቀቂያ ልከውልኝ ነበርና። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ የደረት ሕመምተኛ ናት፤ ሐኪሟም ከስድስት ዓመት በፊት ነገሩን ሳያሽሞነሙን ነግሮኛል፤ ፀሐይ የሚገባበትና የሚከፈት መስኮት ያለው ክፍል ካላገኘች መድኃኒቱ ብቻውን አያቆማትም። ስለዚህ ከሁለቱ ክፍሎቻችን ፀሐይ የሚገባውን መርጬ አልጋዋን ከመስኮቱ ሥር አስጠጋሁ፤ እኔም መኪናዬን ይዤ ከእግርጌዋ ተቀመጥሁ። እሷ አየሩን፣ እኔ ብርሃኑን ተካፍለን ስንኖር ቆየን። ክቡርነትዎ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ እንዲይዙልኝ ቢፈቅዱ ይህችን መስኮት ቢይዙልኝ እወዳለሁ፤ የቀረው ሁሉ በእሷ የመጣ ጣጣ ነው።

በወሩ መግቢያ ከጽሕፈት ቤትዎ የወጣው ማስታወቂያ ደረጃው ሥር ሲለጠፍ እኔም እንደ ጎረቤቶቼ መነጽሬን አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሕንፃችንን የሚጎበኙ እንግዶች ስለሚመጡ፣ በነዋሪዎች የጽዳት ጉድለት ቢጫ የሆኑት የፕላስቲክ የመስኮት ፍሬሞች በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞ ንጣታቸው እንዲመለሱ፣ ተቆጣጣሪው በያዘው የቀለም ካርድ ተመዝኖ ነጭ ሆኖ ያልተገኘ ቤት ነዋሪ ደግሞ ከመሬት በታች ወዳሉት ክፍሎች እንዲዛወር ይላል። እነዚያን ክፍሎች አውቃቸዋለሁ፤ መስኮት የላቸውም፤ ግድግዳቸው በበጋም ያልበዋል። እናቴ እዚያ ወርዳ ስንት ሳምንት እንደምትቆይ ማስላት ለእኔ ከባድ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ጽሕፈት ቤትዎ በባዶ እጃችን አልተወንም። ከማስታወቂያው ጋር የማንም ፊርማ የሌለበት አንድ ገጽ አባሪ ተያይዞ ነበር፤ ርእሱም «በቤት ውስጥ በሚገኙ ነገሮች ፍሬምን የማንጫ ዘጠኝ ዘዴዎች» ይላል። ስለዚህ ቸርነት ሳላመሰግን ባልፍ የሰው ወግ አላውቅም ማለት ይሆንብኛል፤ ስለሆነም ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም አንድ ላይ አድርጌ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤን በተመለከተ። አባሪው ሶዳውን በፍሬሙ ላይ ነስንሰን ኮምጣጤ እንድናፈስበት ያዝዛል፤ እንደ ታዘዝሁትም አደረግሁ። አረፋው ሽው ብሎ ሲነሣ ክቡርነትዎ አጠገቤ ቢሆኑ ደስ ባለኝ ነበር። እናቴ እንኳ ከትራሷ ቀና ብላ አየችኝና ምን እየጠመቅሽ ነው አንቺ ልጅ ብላ ሳቀችብኝ፤ የሃምሳ ዓመት ሴት ሆኜ ልጅ መባሌም ደስ አለኝ። አረፋው ሲበርድ ፍሬሙ ያው ቢጫው ነበር። ቢሆንም እናቴን ስላሳቁልኝ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም።

ሁለተኛ፤ የጥርስ ሳሙናን በተመለከተ። ከላያችን የሚኖሩት፣ ሁላችንም እትዬ መምህርት የምንላቸው ጡረተኛ፣ ይህ ዘዴ እሳቸው ቤት ጥቂት ለውጥ ያሳየ ስለመሰላቸው ሁለት ቱቦ ይዘው ወረዱልኝ፤ ውለታቸውን አልረሳም። በለስላሳ ብሩሽ፣ ክብ ክብ እያደረጋችሁ፣ ለሃያ ደቂቃ ይላል አባሪው። አራቱን የፍሬም ጎኖች፣ ሁለቱን መክፈቻ ክንፎች፣ ውሃ የሚወርድበትን ጠባብ ቦይ ሳይቀር ቦረሽሁ፤ በሦስት ቀን ውስጥ የእኛ መስኮት ከእኔ የበለጠ ጥርሱን ታጠበ። ቤቱ ሁሉ የጥርስ ሐኪም ክፍል ሸተተ፤ ደንበኛዬ ለልጇ ሠርግ ያሰፋችው ቀሚስም ያንኑ ሽታ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም፤ ስለ እሷ ጽሕፈት ቤትዎን አልከስስም። እትዬ መምህርትም ያዩት ለውጥ መነጽራቸውን ስላላደረጉ መሆኑን በማግስቱ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ ይቅርታ ጠይቀውኛል።

ሦስተኛ፤ ሎሚና ጨው። ይህን ቅሬታ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በሶዳ የተሰነጣጠቀ እጅ ውስጥ ሎሚና ጨው ሲገባ ምን እንደሚሆን ለአንድ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ በጽሑፍ ማስረዳት አስፈላጊ አይመስለኝም።

አራተኛ፤ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦን በተመለከተ። በዚህኛው ጥፋቱ የእኔም እንዳለበት አምናለሁ፤ ምክንያቱም አባሪው በቀስታ ይላል፣ እኔ ግን በስምንተኛው ቀን ቀስታ የሚባለው ነገር አልቆብኝ ነበር። ፈገፈግሁት። ሽቦው ሺህ ጭረት ትቶ ሄደ፤ የመንገዱ አቧራም በየጭረቱ ገብቶ ተደላደለ፤ ቢጫ የነበረው ፍሬም ቢጫና ግራጫ ሆነ። ተቆጣጣሪዎ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣውም በዚያው ቀን ነው። እኛ እርስ በርሳችን ባለ ካርዱ ነው የምንለው፤ ሲያናግሩትም ሳያናግሩትም ካርዷን ከእጁ አያኖራትምና። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ክርን ከጨርቅ ጋር ሳመሳስል የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ቀለም የሚመዘነው ወደ ብርሃን ዞሮ እንጂ ለብርሃኑ ጀርባ ሰጥቶ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ግን በገዛ ጥላው ውስጥ ካርዷን ከፍሬሙ ላይ ለጠፋትና ከበፊቱ ብሷል ብሎ ጻፈ። ወንድሜ፣ እስቲ ወደዚህ ዞር በል ብለው፣ እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ ካርዱ ነው የሚለው አለኝ። ካርዱን ላዘጋጃችሁበት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ፤ ለሰው አንገቱን የማይደፋ እሱ ብቻ ነው።

አምስተኛ፤ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን የቁስል ማጠቢያ በተመለከተ። ዘዴው ፍሬሙን ማጠቢያውን ቀብቶ፣ በስስ ፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ለሁለት ቀን ፀሐይ እንዲመታው መተው ነው። በጥሩ ሁኔታ ጠቀለልሁት፤ መጠቅለል ሥራዬ ነው። ነገር ግን የተጠቀለለ መስኮት አይከፈትም። እናቴ ሁለቱን ቀን በዝግ ክፍል ውስጥ አሳለፈች፤ በሁለተኛው ቀን ልጄ፣ ትንሽ ብቻ ክፈችልኝ አለችኝ። አንድ ቀን ታገሺኝ፣ አለዚያ ወደ ታች ያወርዱናል አልኋት። ታገሠች፤ እናቴ ለትእዛዝ እንዴት እንደምትገዛ አያውቋትም። በሦስተኛው ቀን ፕላስቲኩን ስፈታው ፍሬሙ ከነቢጫው ጠበቀኝ፤ የእሷ ሳል ግን ሌላ ሳል ሆኗል።

ስድስተኛ። በዚህ ቁጥር ሥር ለቀልድ የሚሆን ነገር ፈልጌ አጥቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በአባሪው ግርጌ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ በአንዱ ዘዴ ውጤት ካልታየ ሁለቱን አጣምሮ መጠቀም ይቻላል፣ ፈሳሹም የሕንፃውን ፊት እንዳያበላሽ መስኮቱ ዝግ ይሁን ይላል። ዘዴ ቁጥር አንድ ኮምጣጤ አለበት፤ ዘዴ ቁጥር ስምንት በረኪና ነው። በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ ቁርስ ካበላኋት በኋላ፣ መስኮቱን ዘግቼ ሁለቱንም በአንድ ሳፋ ውስጥ ቀላቀልሁ። ሁለቱ አንድ ላይ መርዛም ጋዝ እንደሚሆኑ የሚያውቅ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም ነበር፤ አባሪውን የጻፈውም ሰው ያወቀ አይመስለኝም፤ ካወቀም እንዳላወቀ ልቁጠርለት። መጀመሪያ ዐይኔን አቃጠለኝ፣ ከዚያ ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ ከዚያ እናቴን አየኋት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አፏን ትከፍታለች፣ አየር ግን አይገባም። መስኮቱን እንዴት እንደ በረገድሁት፣ ሳፋውን እንዴት ወደ መታጠቢያ ቤት እንደ ገፋሁት አላስታውስም፤ መጮኼን ግን ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል።

ሊፍት አለን፤ ክቡርነትዎ ያውቁታል። ከገባን ጀምሮ ግድግዳው ላይ ካርቶን፣ ቁልፎቹ ላይ ላስቲክ ተለጥፎበት፣ የሕንፃው ርክክብ እስኪፈጸም ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ እናቴ የስፌት ወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ አራት ጎረቤቶች ወንበሩን ተሸክመው፣ እትዬ መምህርት ጭንቅላቷን ደግፈው፣ ሦስቱን ፎቅ ወረደች። የሁለተኛው ፎቅ ባለ ታክሲም ክሊኒክ አደረሰን። ሐኪሙ ምን ቀላቀልሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ፍሬም እያነጣሁ ነበር አልሁት፤ ያልገባው መሰለኝና አባሪውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ አጥፎም ኪሱ ውስጥ ከተተው። መልሶ አልሰጠኝም፤ ጽሕፈት ቤትዎ ሌላ ቅጂ ቢልክልኝ በመዝገቤ ውስጥ ማኖር እፈልጋለሁ።

እጄ ነው የቀላቀለው፣ ክቡርነትዎ። ይህን ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም። ነገር ግን ያ እጅ ያን ሳፋ ያነሣው ለምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰባተኛ፤ ፍሬሙ በእርግጥ ስለ ነጣበት ዘዴ። ይህ ዘዴ በአባሪው ውስጥ ስለማይገኝ ለጽሕፈት ቤትዎ ዕውቀት ቢጨምር በማለት በዝርዝር እገልጻለሁ።

በማግስቱ የእናቴን ልብስ ለመውሰድ ወደ ቤት ተመለስሁ፤ አልጋዋንም ላነጥፍ ጎንበስ ስል፣ ልክ በትራሷ ቁመት፣ ትራሷ ጋርዶት በነበረው የፍሬሙ ጥግ ላይ መዳፍ የምታህል ነጭ ነገር አየሁ። ነጭ ስል ካርዱ ራሱ የሚያፍርበት ነጭ ማለቴ ነው። እናቴ ተኝታ ስትውል እጇ ሥራ አይፈታም፤ ያገኘችውን በጥፍሯ ትነካካለች። ያችን ጥግ ስትቧጭር ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ፤ ኧረ እናቴ ተይው፣ ልታስባርሪን ነው ወይ ብዬአታለሁ። እሷም እሺ ብላ እጇን ብርድ ልብሱ ውስጥ ትደብቅና፣ ረስታው ደግሞ ትመለስበት ነበር። ቀርቤ በጣቴ ስዳስሰው የነጩ ዳር ላይ እንደ ወረቀት ጠርዝ ያለ ነገር አገኘሁ። ላስቲክ ነው። ፍሬሙ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይጫር የሚለጠፍበት፣ በተገጠመ በጥቂት ወር ውስጥ መነሣት የነበረበት ስስ ላስቲክ። ዘጠኝ ዓመት ፀሐይ ሲመታው ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ፣ ቢጫ ሆኖ፣ የፍሬሙ ቆዳ መስሎ ኖሯል። እኔም ሶዳ፣ ሳሙና፣ ሎሚ፣ ሽቦና መርዝ እያፈራረቅሁ ሳጥብ የከረምሁት መጠቅለያውን ነበር። ጭራሽ መጠቅለያውን ደግሜ ጠቅልዬዋለሁ። በእናቴ አልጋ ላይ ተቀመጥሁና ጮክ ብዬ አለቀስሁ።

ላስቲኩን ለምን ቀድሞውኑ አላነሣችሁትም ብለው ክቡርነትዎ ቢጠይቁ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ስንገባ ባስፈረማችሁን መመሪያ ቁጥር ሰባት ላይ ይገኛል፤ በበር፣ በመስኮትና በሊፍት ላይ ያለውን የመከላከያ ላስቲክ ርክክብ እስኪፈጸም ድረስ ማንሣት ክልክል ነው ይላል። እኛም ብንሆን አልከፋንም ነበር፤ የአዲስ ወንበር ላስቲክ እስኪቀደድ ቁጭ የሚልበት፣ የቴሌቪዥን ሪሞት ከነላስቲኩ ዕድሜውን የሚጨርስበት ቤት ነው የሁላችንም ቤት። ላስቲኩ ካልተነሣ ዕቃው አላረጀም እንላለን። ስለዚህ እናንተ ከለከላችሁ፣ እኛ ደግሞ ወደድንላችሁ፣ ፀሐይዋም ሥራዋን ሠራች፤ ከጊዜ በኋላ እንኳን እኛ እናንተም ረሳችሁት።

የስፌት መተርተሪያዬን አምጥቼ ከእናቴ ጥግ ጀመርሁ። አንዳንዱ ቦታ እንደ መቀነት ረዝሞ ይወጣል፣ አንዳንዱ ቦታ በጥፍር ልክ እየተቆራረጠ ያስለፋል፤ አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። ያስፈለገኝ ለብ ያለ ውሃና ጥፍር ብቻ ነው። ይህ ዐሥረኛ ዘዴ ሆኖ ይመዝገብልኝ፤ ያገኘችውም አሁን በክሊኒክ አልጋ ላይ ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ያለባት አሮጊት መሆኗ ከሥሩ ይጻፍልኝ።

ስምንተኛ፤ የመጨረሻውን ምርመራ በተመለከተ። በሃያ አንደኛው ቀን ባለ ካርዱ መጣ። ካርዷን ከፍሬሙ ላይ ለጠፈ፤ ፍሬሙ ከካርዱ ነጣ። እውነቱን ለመናገር እሱም ደስ አለው፤ ፊቱ ሲፈካ ዐይቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎኝ ብዕሩን አወጣ። ልቤ ወደ ቦታዋ የተመለሰችው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ጣቱን በፍሬሙ ላይ አሳለፈና ላስቲኩስ አለኝ። ከበሩ ኋላ ያለውን ከረጢት አሳየሁት። ፊቱ ጠቆረ። ቆሞ ሁለት ነገር ጻፈ፤ አንደኛው ነዋሪዋ የመከላከያ ላስቲክን ያለ ርክክብ አንሥታለች የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የነዋሪዋ ፍሬም ከጎረቤቶቿ ፍሬም ጋር ባለመመሳሰሉ የሕንፃውን ወጥነት አፍርሷል የሚል ነው። ቅጣቱም ያው ነው፤ ከመሬት በታች ወዳለው ክፍል መዛወር።

እኔም በዚያው ቀን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ርክክቡ መቼ ነው ብዬ ጠየቅሁ። ጸሐፊዎ በታላቅ ትሕትና እንዳስረዱኝ ከሆነ ርክክቡ ዘጠኝ ዓመት የዘገየው የሕንፃው ገጽታ የሚፈለገውን ንጽሕና ባለማሟላቱ ነው፤ በተለይም ፍሬሞቹ ቢጫ ስለሆኑ ነው። ስለዚህ ፍሬሞቹ ካልነጡ ርክክብ የለም፣ ርክክብ ከሌለ ላስቲኩ አይነሣም፣ ላስቲኩ ካልተነሣ ፍሬሞቹ አይነጡም። ይህን ያህል ጥብቅ ስፌት በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ሰፍቼ አላውቅም፤ የሰፋው ሰው ቢነገረኝ ሄጄ ልማርበት ዝግጁ ነኝ።

ዘጠኝ ዘዴ ለላከልን ጽሕፈት ቤት ዘጠኝ ቅሬታ ማቅረብ ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን የክሊኒኩ የጥየቃ ሰዓት ስለ ደረሰ በስምንት ለማቆም እገደዳለሁ።

አሁን ከምስጋናዬ ወጥቼ ልመናዬን ላቅርብ። ሐኪሙ ዓርብ ሊያስወጣት አስቧል፤ ግን የምትመለሰው ወደ ምን ዓይነት ክፍል ነው ብሎ ጠይቆኛል፤ መስኮት ወደሌለው ከሆነ አልፈርምም ብሎኛል። እሷም ትናንት፣ የኦክስጅኑን ጭንብል ከአፏ ገለጥ አድርጋ፣ ፍሬሙ ነጣልሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነጥቷል እናቴ አልኋት። እንግዲያ አያወርዱንም አለችና ዐይኗን ጨፈነች። ምን ብዬ ልመልስላት፣ ክቡርነትዎ? ስለ ወጥነት ላስረዳት? ስለ መመሪያ ቁጥር ሰባት ልንገራት? እኔ እንደሆነ መላው ጠፍቶብኛል። በጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ሦስት ቀን ቆሜአለሁ፤ አራት ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ ከዚህ በኋላ የምሄድበት በር የለኝም።

ቅጣት የግድ ካስፈለገ እኔን ይቅጡኝ። የስፌት መኪናዬን ይዤ ብቻዬን ወደ ታች እወርዳለሁ፤ በአምፖል እሰፋለሁ፤ ጠዋትና ማታ ወጥቼ እናቴን አጥቤና አብልቼ እመለሳለሁ። ላስቲኩን መልሼ እንድለጥፈው ካዘዙም እለጥፈዋለሁ፤ ከረጢቱ ውስጥ ነው፣ አንድም ቁራጭ አልጣልሁም። እሷን ግን ከዚያች መስኮት አይንቀሉብኝ። እባክዎ። ይህን ቃል በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ምንም ሽሙጥ የጻፍሁት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ጊዜዎን ሠውተው እስከዚህ ካነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ካላነበቡትም በደረጃው መግቢያ ስለ ተለጠፈ ሲወጡም ሲገቡም ያገኙታል። ለመላው የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች የሚከፈት መስኮትና የሚተነፍስ ደረት እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከብዙ የበረኪና ሽታ ጋር፣

መመሪያ ቁጥር ሰባትን ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ አንድ ቀን ተኩል የጣሰች፣
ለካርዱም ለባለ ካርዱም ታዛዥ የሆነች፣
የክቡርነትዎ ትሑት ነዋሪ፣
የሦስተኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለ ካርዱ ክሱን ጽፎ ሲወጣ በሩን ስላልዘጋው ደረጃው ላይ የነበሩት ጎረቤቶቼ ፍሬሙን አይተውታል። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብዬ በንጹሕ ወረቀት ስገለብጥ፣ ከላይ ከእትዬ መምህርት ቤት ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ከሁለተኛው ፎቅ፣ ቀጥሎ ከአንደኛው፤ አሁን ከየትኛው ቤት እንደሆነ መለየት አቅቶኛል፣ ሕንፃው ሁሉ እየተላጠ ነው። በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ እኛ አርባ ስምንት አባወራ ነን። ከመሬት በታች ያሉትን ክፍሎች ደግሞ ወርጄ ቆጥሬአቸዋለሁ፤ ዐሥራ አንድ ናቸው። እባክዎ ተራ ያውጡልን፤ እናቴ ተራዋ እስኪደርስ ከመስኮቷ ሥር ሆና ትጠብቃለች።